የያሬድ እግርና የመቱ ሆስፒታል

ቅዱስ ያሬድ በአክሱም ቆሞ ሲዘምር ንጉሡ ገብረ መስቀል አጠገቡ ሆኖ ያዳምጠው ነበር። ንጉሡ ጦሩን እንደ መቋሚያ ተደግፏል። ዜማው ልቡን እየወሰደው ሲሄድ የጦሩ ጫፍ በዘማሪው እግር ላይ ዐረፈ፤ ክብደት ተጫነው፤ ገባም። ደም ፈሰሰ። ወጊው አላወቀም፤ ተወጊውም አልተሰማውም። ሁለቱ ወደ ራሳቸው የተመለሱት ዜማው ሲፈጸም ነው። ያን ጊዜ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ፈሰሰው ደም የፈለገውን ይጠይቀው ዘንድ ቃል ገባለት። ያሬድም ከዓለም ተለይቶ ይመንን ዘንድ እንዲያሰናብተው ጠየቀ፤ ንጉሡ እያዘነ ለቀቀው፤ እርሱም ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ትውፊታችን በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሆነ ብሎ የሚነግረን ይህንን ነው።

ሥዕሉን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ካህናቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ቆመዋል፤ ንጉሡ ጦሩን ተክሏል፤ ከዘማሪው እግር ሥር ቀይ ቀለም ፈስሷል። ብዙ ጊዜ ይህን ታሪክ የምናነሣው የዜማን ታላቅነት ለመመስከር ነው። እኔ ግን ዛሬ በሌላ በኩል፣ እንደ ሕመም ታሪክ፣ ላነበው እወዳለሁ። እንዲህ ሲነበብ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛው፣ ዜማው ሥቃዩን እንጂ ቁስሉን አላስቀረም፤ ያሬድ አልተሰማውም፣ ደሙ ግን ፈሰሰ። ሁለተኛው፣ በዜማው የፈዘዘው ተወጊው ብቻ አልነበረም፤ ጦር የያዘውም ፈዝዞ ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዤ አንባቢን ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ መቱና ወደ ጎረቤት ከተሞቿ ልወስድ ነው። መንገዱ ግን ትንሽ ዙሪያ ጥምጥም ይኖረዋል።

* * *

ዜማና ጦር በአንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙበት ሌላ ጥንታዊ ታሪክም አለን። ንጉሥ ሳኦል ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር፤ ሳኦልም ያርፍ፣ ደኅናም ይሆን እንደ ነበር መጽሐፈ ሳሙኤል ይነግረናል። ባለ ዐሥር አውታሩ በገናችን እስከ ዛሬ የዳዊት መሣሪያ ተብሎ በክብር የሚያዘው፣ በዐቢይ ጾምም ከሌሎች መሣሪያዎች ተለይቶ የሚሰማው፣ ስለዚህ ትዝታ ነው። ነገር ግን የዚያው መጽሐፍ ቀጣይ ምዕራፎች ብዙ ጊዜ አይጠቀሱም። ዳዊት እንደ ልማዱ በገናውን በሚደረድርበት ሰዓት ሳኦል ጦሩን አንሥቶ ወረወረበት፤ ዳዊትም ዘወር ብሎ አመለጠ። አንድ ቀን ያሳረፈ በገና በሌላ ቀን አላሳረፈም። መድኃኒት ሁሉ እንዲህ ነው፤ መጠኑ አለው፣ ጊዜው አለው፣ የማይሠራበትም ሰው አለ። የጥንት ጸሐፊዎች ይህን አልደበቁም፤ እኛ ነን ግማሹን ብቻ የምንጠቅሰው።

ከቤተ መንግሥትና ከቤተ መቅደስ ስንወጣም ሕዝባችን ሥቃይን በድምፅ ሲገጥም እናገኘዋለን። ሽለላና ፉከራው፣ በኦሮሞ ዘንድ ጌረርሳው፣ ጦረኛው ገና ያልደረሰበትን ቁስል አስቀድሞ እንዲንቀው የሚያደርግ ነው። እንጉርጉሮው የብቸኛ ሰው ማስታገሻ ነው። የሁሉም ታናሽ የሆነው እሹሩሩ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደ ጉዳያችን ይቀርባል። ክትባት በሚሰጥበት ቀን በማንኛውም ጤና ጣቢያ በር የቆመ ሰው ይመስክር። መርፌው ከመውጣቱ እናቲቱ ልጇን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ፣ እየወዘወዘች፣ ያንኑ ዜማ ትጀምራለች። ማንም አላስተማራትም፤ ማንም አላዘዘላትም። መርፌው በዜማ አይለዝብም፤ ልጁ ግን መርፌው ያለበትን ክፍል ለጥቂት ጊዜ ትቶ ወደ እናቱ ድምፅ ይገባል።

በኢሉባቦር ቤቶች ውስጥ ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ድምፅ የሚሰማው በምጥ ጊዜ ነበር። በምዕራብ ኦሮሞ ዘንድ የወላድ ጠባቂ የሆነችው ማራም ናት፤ ሴቶች ተሰብስበው በዝማሬ ይለምኗታል፣ ያመሰግኗታል። የአቴቴም ሥርዐት ያለ ሴቶች ዝማሬ አይታሰብም። በአጎራባች ቤት ያለች አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ጎረቤቶቿ ዙሪያዋን ከበው ማርያምን ይጠሩላታል። ሁለቱ ስሞች መመሳሰላቸው ብዙ ሊቃውንትን ያነጋገረ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የሁለቱ ቤቶች ድርጊት መመሳሰሉ ነው። ቡና ይፈላል፤ ወገብ ይታሻል፤ ድምፅ ከድምፅ ይቀባበላል፤ ልጁ ሲወለድ እልልታው ይቀልጣል። አንዲት ሴት በሕይወቷ ከሁሉ የከፋውን ሕመም በምታይበት ሰዓት ጸጥታ ውስጥ አልተተወችም።

ይህን ስጽፍ አንባቢ በናፍቆት እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። ያሬድ እግር ሥር የፈሰሰው ደም እዚህም ይፈስሳል። የዝማሬው ቤት የሞት ቤትም ነበር። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ፤ በዚያው ጥናት ግምት ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። ደም ሲፈስስ ዜማ አያቆመውም። ማራምም ተጠርታ፣ ማርያምም ተጠርታ፣ ሴቲቱ ከነዝማሬው የምትቀርበት ሌሊት ብዙ ነበር።

* * *

አሁን ባሕር ተሻግረን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1914 ኢቫን ኦኒል ኬን የተባሉ የፔንሲልቫንያ ቀዶ ሐኪም ለአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። በቀዶ ሕክምና ክፍላቸው የሸክላ ማጫወቻ ማስገባታቸውን፣ በሽተኛው ሰመመን እስኪወስደው ድረስ ከሚያየውና ከሚሰማው አስፈሪ ነገር ሐሳቡን ለማንሣት እንደሚጠቅም ገለጹ። ዶክተር ኬን በሌላ ነገርም ይታወሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1921 ቦታውን ብቻ በሚያደነዝዝ መድኃኒት የራሳቸውን ትርፍ አንጀት በገዛ እጃቸው ቀድደው አወጡ። በአንድ ጊዜ ጦር ያዥም ተወጊም የሆኑ ሰው ናቸው ማለት ነው። በሽተኛ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ የጓጉ ሐኪም ሸክላ ማስገባታቸው አያስደንቅም።

ደብዳቤው በወጣ በአምስተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1919፣ አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥተው ወደ ሳዮ፣ ወደ ዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ገቡ። ያን ጊዜ የምዕራቡ በር ባሮ ወንዝ ነበር። በክረምት ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ ወደብ ይደርሳሉ፤ ቡናው ከጎሬና ከአካባቢዋ በቅሎና ሰው ተሸክሞት ወደዚያ ይወርዳል፤ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል። ዘመናዊ ሕክምናም ወደ እነዚህ ደኖች የገባው በእንዲህ ያለ ጎዳና፣ እየዘገየና እየቆራረጠ ነው። ጎሬ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባ በጣልያን ከተያዘች በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የመጨረሻ መቀመጫ እስከ መሆን ብትደርስም፣ በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ለአጥንቱ ወጌሻውን፣ ለምጡ የመንደር አዋላጇን ይዞ ብዙ ዐሥርት ዓመታት ቆየ።

ወደ ሳይንሱ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት አንድ እንግዳ ጽሑፍ ወጣ። የጥርስ ሐኪሙ ዋላስ ጋርድነር ከሁለት የድምፅና የአእምሮ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ለበሽተኞቻቸው የጆሮ ማዳመጫ ሰጡ። በአንድ በኩል ሙዚቃ ይሰማል፤ በሌላ በኩል እንደ ፏፏቴ የሚያስገመግም ድምፅ አለ። መቆጣጠሪያው በበሽተኛው እጅ ነው። ሲረጋጋ ሙዚቃውን ይሰማል፤ መሰርሰሪያው ሲያመው ፏፏቴውን ከፍ ያደርጋል። ከ1,000 በሽተኞች በ65 በመቶዎቹ ድምፁ ብቻውን በቂ ሆነ ብለው ጻፉ። ከመቱ ወጣ ብሎ በበቾ ጫካ ውስጥ የሚወርደውን የሶር ፏፏቴ አጠገቡ ቆሞ ያዳመጠ ሰው ነገሩ ብዙ አይገርመውም። እዚያ ሰው የራሱን ሐሳብ እንኳ መስማት ያቅተዋል።

ሳይንስ ግን ደስ ባለው ነገር ላይ ቶሎ አይተኛም። ሮናልድ ሜልዛክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጡት ሙከራ ሰዎች እጃቸውን በበረዶ ውኃ ውስጥ ነክረው ሕመሙን ምን ያህል እንደሚችሉት ለኩ። ድምፁ ብቻውን ያን ያህል አልረዳም። ድምፁ ይረዳሃል ተብሎ የተነገረውና ድምፁንም የሰማው ግን ብዙ ታገሠ። ማለትም ዜማው የሚሠራው ከቃል ጋር፣ ከእምነት ጋር፣ አጠገብ ካለ ሰው ጋር ሲሆን ነው። ይኸው ሜልዛክ ከፓትሪክ ዎል ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1965 ስመ ጥር የሆነውን የበር ንድፈ ሐሳብ አቀረበ። ሕመም ከቁስሉ ተነሥቶ በሽቦ እንደሚሄድ መልእክት በቀጥታ አንጎል ውስጥ አይገባም፤ በአከርካሪው ውስጥ እንደ በር የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አለ፤ በሩን ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት መካከልም ከላይ የሚወርደው የአእምሮ ሁኔታ፣ ፍርሃቱና ትኩረቱ፣ ይገኝበታል። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ከዚያ ወዲህ ቢታረምም ፍሬ ነገሩ ቆሟል። የፈራ ሰው በሩን ራሱ ወለል አድርጎ ይከፍታል። ሐሳቡ ወደ ሌላ የሄደ ሰው በሩ ገርበብ ይልለታል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት እስከዚያ የተደረጉ 73 ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘነ ጥናት አወጣ። በቀዶ ሕክምና ዙሪያ ሙዚቃ የሰሙ በሽተኞች ሕመማቸው ቀንሷል፤ ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒት ፍላጎታቸውም ቀንሷል። ሙዚቃው ከቀዶ ሕክምናው በፊትም፣ በመካከሉም፣ በኋላም ቢሆን ጠቅሟል። በሆስፒታል የሚቆዩበትን ቀን ግን አላሳጠረም። ያሬድ እግር ላይ ያየነው ይኸው አይደለምን? ሥቃዩ ቀለለ፤ ቁስሉ የሚድንበት ጊዜ ግን የራሱ ነው።

* * *

መቱ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሆስፒታሏ መቱ ካርል ይባላል። ይህ ስም ከየት መጣ የሚል አንባቢ ቢኖር መልሱ ወደ ሙዚቃ ይመልሰናል፤ በጣም ባልጠበቅነው በር።

ካርልሃይንዝ ቦም እ.ኤ.አ. በ1928 በዳርምሽታት ጀርመን ተወለዱ። አባታቸው ካርል ቦም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስማቸው ከገነነ የኦርኬስትራ መሪዎች አንዱ ናቸው፤ እናታቸው ቴአ ሊንሃርድ የኦፔራ ዘፋኝ ነበሩ። ልጁ ፒያኖ ተጫዋች ለመሆን ይመኝ ነበር፤ በፈተና ቀርቦ ሲጫወት ግን የሰሙት ሰዎች ተስፋ አልሰጡትም። ወደ ተዋናይነት ዞረ። በ1950ዎቹ በሲሲ ፊልሞች ወጣቱን ንጉሠ ነገሥት ፍራንስ ዮሴፍን ተጫውተው በጀርመንኛ ተናጋሪው ዓለም በየቤቱ የሚታወቁ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ በዲዝኒ ፊልም ቤትሆቨንን ሆነው ተጫወቱ፤ ጆሮው እየደነቆረ ዜማ የሚጽፈውን ሰው።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 16 ቀን 1981፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ በአንድ ዝነኛ የጀርመን ቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ላይ ቀረቡ። ውርርዳቸው መራራ ነበር። በሳህል ለተራቡ ሰዎች ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ አንድ ማርክ አይሰጥም አሉ። ውርርዱን አሸነፉ፤ ሲሶው አልሰጠም። ሆኖም የተሰበሰበው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ነበር። ገንዘቡን ይዘው ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ሰዎች ለሰዎች የተባለው ድርጅት ተመሠረተ። የኦርኬስትራው መሪ አባታቸው ያረፉትም በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1981፣ ነው።

ሥራው በሐረርጌ በኤረር ሸለቆ ጀመረ። ከዚያም በ1977ቱ ረኃብ ዘመን ወደ ኢሉባቦር ዘለቀ። ያ ዘመን ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ አንሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ያሰፈረበት ነው፤ ኢሉባቦርም ብዙዎቹን ተቀበለች። ከአምባሰልና ከባቲ አገር የመጣው ሰው ወደማያውቀው ዝናብና ወደማያውቀው ደን ገባ። ብዙ ነገር ይዞ አልመጣም፤ ቅኝቱን ግን ይዞ መጣ። ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች ያገኙት አምባሰልና ባቲ፣ ከእነርሱም ጋር መንዙማው፣ በመቱና በበደሌ ዙሪያ ከኦሮሞው ዘፈን ጎን ተሰሙ።

ካርልሃይንዝ ቦም ለዚህ አገር ምን አመጡ? ኦርኬስትራ አላመጡም። ድርጅታቸው ውኃ ቆፈረ፤ ትምህርት ቤት ሠራ፤ ድልድይ ዘረጋ፤ ሕክምና አስፋፋ። የሙዚቀኛ ልጅ፣ ሙዚቀኛ ለመሆን የተመኘ ሰው፣ መጀመሪያ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ጠየቀና ውኃውን ከዜማው አስቀደመ። ቅደም ተከተሉ ትክክል ነበር። ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. ሲያርፉ በኢሉባቦርም ያዘነላቸው ብዙ ነው።

እንግዲህ ይህ ስም በተጻፈበት ሆስፒታል ውስጥ፣ ውኃውና ሐኪሙ ከመጣ በኋላ፣ ዜማው የት ገባ?

* * *

በመላው ኢትዮጵያ የወላዶች ጉዞ አቅጣጫውን ቀይሯል። በጤና ተቋም የሚወልዱት እናቶች እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 5 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 26 ሆኑ፤ በ2019 ከመቶ 48 ደረሱ። የእናቶች ሞትም በ2016ቱ ጥናት ግምት ወደ 412 ወርዷል። ይህ ከማንም ዜማ የሚበልጥ ዜና ነው። የጉዞው ሌላ ገጽ ግን በቁጥር አይጻፍም። ሴቲቱ ከተከበበችበት ቤት ወጥታ ብቻዋን ወደምትገባበት ክፍል ሄዳለች። ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያ ለምን እንደማይመጡ ሲጠየቁ ከመንገዱና ከገንዘቡ ጋር ደጋግመው ያነሡት የነበረው ይህንን ነው፤ ዘመድ አይገባም፣ ቡናው የለም፣ ገንፎው የለም፣ ጸሎቱ የለም።

ጤና ጣቢያዎቹም ሰሙ። በብዙ ቦታ የእናቶች ማቆያ ቤት ተሠራ፤ ቡና መፍላት፣ ገንፎ መገንፋት ጀመረ። ገንፎ በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ የምጥ መድኃኒት ተብሎ አልተጻፈም። ሆኖም ሴቲቱን ወደ ሐኪሙ አመጣት። ገንፎው የገባበት በር ለዜማ የሚጠብበት ምክንያት አይታየኝም።

ፍርሃቱ ምን ያህል እንደሆነ ከሩቅ መጠየቅ አያስፈልግም። የኢሉባቦር በሽተኛ ከፍ ላለ ሕክምና በሚላክባት በጅማ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት፣ በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ከሚጠብቁ 239 በሽተኞች 70.3 በመቶው ከፍተኛ ጭንቀት ውስጥ እንደነበሩ ተመዝግቧል። ካስጨነቋቸው ነገሮች ቀዳሚው ሞትን መፍራት ነው። ከዐሥር ሰዎች ሰባቱ የሕመሙን በር ወለል አድርገው ከፍተው ወደ ቢላዋው ይሄዳሉ ማለት ነው።

በቀዶ ሕክምና የምትወልድን ሴት እናስብ። ሰመመኑ በወገቧ ተሰጥቷል፤ ከደረቷ በታች አይሰማትም፤ ነገር ግን ነቅታለች። ከመጋረጃው ማዶ የብረት ድምፅ ትሰማለች፤ የማታውቃቸው ሰዎች በማታውቀው ቋንቋ፣ ምናልባትም በግማሽ እንግሊዝኛ፣ ሲነጋገሩ ትሰማለች። ሕመሟ ተወስዷል፤ ፍርሃቷ ግን ማንም አልነካውም። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በሰመመን ሰጪው ኪስ ውስጥ አለ። ስልክ ነው፤ አንድ የጆሮ ማዳመጫም። የዶክተር ኬን ሸክላ ጠረጴዛ የሚያህል ነበር።

ነገሩ ግን ቁልፍ እንደ መጫን ቀላል አይደለም። ከመጀመሪያዎቹ ታሪኮች የተማርነውን ካልያዝን ዜማው ራሱ ጦር ይሆናል።

በመጀመሪያ፣ ዜማ የመድኃኒት ምትክ አይደለም። ማስታገሻ በሚያጥርባቸው ሆስፒታሎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መድኃኒቱ ሲጠፋ በዘፈን የሚሸፍን አስተዳደር ከተገኘ፣ የያሬድን ደም አይቶ ዜማው ይቀጥል እንዳለ ሰው ነው። ጥናቶቹ ሁሉ ዜማን ከመድኃኒቱ ጋር እንጂ በመድኃኒቱ ፈንታ አላመሰገኑም።

ሁለተኛ፣ ጦር የያዘው መንቃት አለበት። በዓለም ዙሪያ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሙዚቃ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመርጠው ሐኪሙ ነው፤ የሚሰማውም ሐኪሙ እንዲዝናና ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ነርሷ የተጠየቀችውን ላትሰማ ትችላለች፤ የማስጠንቀቂያውም ድምፅ ሊያልፍ ይችላል። ያሬድ አለመሰማቱ ጸጋ ነበር፤ ንጉሡ አለማወቁ ግን አደጋ ነበር። ስለዚህ ዜማው ለተኛችው ጆሮ ብቻ ይሁን፤ አንዱ ጆሮዋም ለሰመመን ሰጪው ቃል ክፍት ይሁን።

ሦስተኛና ዋናው፣ ሁሉም ዜማ ለሁሉም ሰው መድኃኒት አይደለም። ከወሎ መጥታ በኢሉባቦር ያረጀች ሴት ትዝታ ቅኝት ቢከፈትላት፣ በረኃቡ ዘመን ጥላው የመጣችው አገርና የቀበረቻቸው ሰዎች አብረው ይመጡባታል። አንዱን የአሊ ቢራ ድምፅ ወደ ወጣትነቱ ይመልሰዋል፤ ሌላው ዘፈን በቤቱ አይሰማም፣ መዝሙር ነው የሚፈልገው። አንዷ መንዙማ፣ አንዷ በገና፣ አንዷ ደግሞ ምንም አትፈልግም፤ ጸጥታዋን ተውላት። በኢሉባቦር ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱ በአንድ ሰፈር ይኖራሉ፤ በአንድ ወረፋም ይተኛሉ። አንድ ካሴት ለሁሉም የሚከፍት ሆስፒታል ግማሹን ያሳርፍና ግማሹን ያስቀይማል። የጋርድነር በሽተኞች ያረፉት መቆጣጠሪያው በገዛ እጃቸው ስለነበረም ጭምር ይመስለኛል። ጠረጴዛ ላይ የተኛ ሰው ልብሱ ተወስዷል፤ ስሙ በካርድ ቁጥር ተተክቷል፤ እግሩን እንኳ ማንቀሳቀስ አይችልም። ዜማውን መምረጥ ከቀሩት ጥቂት ሥልጣኖቹ አንዱ ሊሆን ይችላል።

በመቱ ካርል የመቱ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ይሠለጥናሉ። ነገ በጎሬ፣ በያዮ፣ በቡሬ፣ በበደሌ የሚሠሩ አዋላጆችና ሐኪሞች ናቸው። መርፌ አያያዝ ይማራሉ፤ የደም ግፊት መለካት ይማራሉ። ከዚያ ጋር አንድ ጥያቄ ቢማሩ ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም። በሽተኛዋ በምትሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ከመርፌው በፊት እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦ እናቴ፣ ምን ላሰማዎት?

ንጉሡ ገብረ መስቀልም ጠይቋል። ጦሩን ከነቀለ በኋላ፣ ደሙን ካየ በኋላ፣ ምን ትፈልጋለህ አለው። መልሱንም ባይወድደውም ፈጸመለት። ጥያቄው መልካም ነበር፤ የመጣው ግን ከቁስሉ በኋላ ነው። በመቱ ጠረጴዛ ላይ የምትተኛዋን ሴት ከመወጋቷ በፊት መጠየቅ እንችላለን።